አምስት የወተት ቅሎች፦ ከናዝሬት መካነ ሰላም ደርሶ መልስ

ማክሰኞ

ከናዝሬት የወጣሁት በጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። የያዝኩት አንድ የልብስ ቦርሳ፣ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ ቆሎና ልጄ ሕይወት በእጄ ያስያዘችኝ ሰማያዊ የማቀዝቀዣ ሣጥን ነበር። ሣጥኑ ውስጥ በየላስቲካቸው የታሸጉ ሰባት ትንንሽ ብልቃጦች አሉ። የእያንዳንዱ ክዳን ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን ዘንግ አለው። ሕይወት «እማዬ፣ ላስቲኩን የምትቀጂው ቅሉ አጠገብ ስትደርሺ ብቻ ነው» ብላኛለች። ሦስት ጊዜ ነገረችኝ። በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና አንድ ጊዜ ይበቃኝ ነበር፤ ግን የእሷም ጭንቀት ከእኔ አያንስም።

ጎረቤቶቼ በዚህ ዕድሜሽ ምን ፍለጋ ሄድሽ ብለው ስለጠየቁኝ ጉዳዩን አስቀድሜ ልናገር። ነገሩ የታናሽ እህቴ የየሺ ነው። የሺ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለች መንደር ብቻዋን ትኖራለች። አንዲት ላም አለቻት። የአንዲት ላም የቀን ወተት ተንጦ ቅቤ ተብሎ ገበያ የሚወጣ ነገር አይወጣውም። ስለዚህ የአገሩ ሴቶች ወተት በተራ ይቀባበላሉ። እነ የሺ አምስት ናቸው፤ ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም አሉበት። ዛሬ የአምስቱም ወተት ለአንዷ ይሰጣል፣ ነገ ለሌላዋ። ተራ የደረሳት ሰብስባ ትንጣለች።

ባለፈው ጥቅምት፣ የዘሃራ ምራት ሰዓዳ ወለደች፤ ዘሃራ ከአምስቱ አንዷ፣ የተራው አውራ ናት። የሺ በቅል እርጎ ይዛ አራሷን ልትጠይቅ ሄደች። ከእርጎው የቀመሰ ሁሉ ታመመ። ሰዓዳ ብሶባት በቃሬዛ ወደ ከተማ ተወሰደች፤ ከሞት ተረፈች። መንደሩ ግን «የሺ አርጅታለች፣ ቅሏን ሳታጥን ነው እርጎ የምታረጋበት» አለ። የወተት ዕቃዋን የማታጥን ሴት መባል እዚያ ምን ያህል እንደሚከብድ ለናዝሬት ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። እኛ ወተት በላስቲክ ገዝተን ላስቲኩን እንጥላለን። እዚያ የወይራ ጭስ ያልገባበት ቅል ውስጥ ወተት አይገባም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የየሺ ተራ ተዘለለ። ወተት የሚያመጣላትም፣ ከእሷ የሚቀበልም ጠፋ። በስልክ የነገረችኝ «ተዘልያለሁ እትዬ» ብላ ብቻ ነው።

ሕይወት የምትሠራው ምግብ የሚበክሉ ባክቴሪያዎች ላይ ነው። ነገሩን ስነግራት ብዙ ጠየቀችኝ። በመጨረሻ «የአምስቱም ቅል ሳይታጠብ ብናገኘው ጥሩ ነበር» አለች። የመንገዱ ነገር ስለማያስተማምን መሥሪያ ቤቷ እንድትሄድ አልፈቀደላትም። አሮጊትን ማንም አያስቆምም ብዬ እኔ ሄድኩ።

አሮጊትንም ያስቆማሉ። ከአዲስ አበባ በሙከ ጡሪ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደውን መንገድ ይዘን፣ የጀማን ገደል ወርደን ወጣን። ታች ወንዙ ዘንድ የናዝሬትን ሙቀት አገኘሁት፤ ላይ ስንወጣ መልሼ ነጠላዬን ደረብኩ። አንዱ ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ጢሙ የከበደ ጎልማሳ ነው፤ ሣጥኑን ከፈተው።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ባዶ ብልቃጥ ነው።»

«ባዶ ብልቃጥ ተሸክመው ከናዝሬት?»

ከኋላዬ የቆመ ነጋዴ «ሲመለሱ ጠበል ሊሞሉበት ነዋ!» አለና ሰው ሳቀ። ፈታሹ አልሳቀም። አንዱን ላስቲክ ቀደደ፣ ክዳኑን ነቀለ፣ ጥጡን አሸተተ። ሁለተኛውንም እንደዚያው። «ምንም የለውም» አለኝ።

«እኔም ያልኩህ ይህንኑ ነው።»

መለሰልኝ። የተከፈተው ግን አይሠራም፤ እጅ የነካው ጥጥ የእጅን ተህዋስ ይዞ ነው የሚሄደው። ሰባቱ አምስት ሆኑ። አምስት ቅል፣ አምስት ብልቃጥ። ከዚያ በኋላ ሣጥኑን ከጭኔ ላይ አላወረድኩትም።

ደጎሎ ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። ስንዴ የሚጭኑ መኪኖች መንገዱን ሞልተውታል፤ አልጋ ቤቱም በሾፌርና በረዳት ተይዟል። እህል የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ቆሜ አይታኝ «አንቱ የማን እንግዳ ነዎት?» አለችኝ። የማንም አለመሆኔን ስነግራት «እንግዲያው የኔ ነዎት» ብላ ቤቷ ወሰደችኝ። ራት የገብስ ቂጣ በኑግ አበላችኝ። ናዝሬት ውስጥ መንገድ ላይ የቆመች ሴት የማን እንግዳ ነሽ ተብላ ስትጠየቅ ሰምቼ አላውቅም።

ረቡዕ

ከደጎሎ ወረኢሉ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሰው እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ቁጭ አልን። እኛ ናዝሬት ታክሲ አምስት ደቂቃ ከቆመ እንሳደባለን፤ እዚህ ሰው በሶውን በጥብጦ ይጠጣል፣ የጎረቤቱን ልጅ ጤና ይጠይቃል። ወረኢሉ የደረስነው የከብት ነጋዴዎች በጎቻቸውን ጣሪያ ላይ ሲያስሩ ነው። እዚያ ከአቀስታ ወዲያ ያለው መንገድ ተዘግቷል የሚል ወሬ ሰማን። አንዱ ዛሬ ይከፈታል አለ፣ ሌላው ሳምንት ይሆነዋል አለ። ሾፌሩ «አብሽሩ፣ ሄደን እናየዋለን» ከማለት ሌላ የሚያውቀው አልነበረም።

ምሳ ሽሮ በላሁ። ግማሹን ተውኩት። የፈራሁት መታገቱን አይደለም። የፈራሁት የሺን ነው። መምጣቴን ከሰማች ጀምሮ መንደሩን «እህቴ እውነቱን ልታመጣ ነው» እያለች ነግራለች። እውነቱ ደግሞ እሷ የምትፈልገው ላይሆን ይችላል። ይህን ለሕይወት ብያት ነበር። «እማዬ፣ ባክቴሪያ ለማንም አያዳላም» ነው ያለችኝ። ያጽናናኝ መስሏት ነው።

አንድ ቀን የምትሠራበት ወስዳ አሳይታኛለች። ባክቴሪያ ሁለት ጠባይ አለው አለችኝ፤ አንዳንዱ እንደ ጅራፍ ያለ ጭራ አውጥቶ ይዋኛል። የሚመች ግድግዳ ሲያገኝ ጭራውን ይተውና ይጣበቃል፤ ተባዝቶ እንደ ልጋግ ያለ ልባስ በላዩ ይሠራል። ባዮፊልም ይሉታል። መቼ እንደሚዋኝና መቼ እንደሚጣበቅ የሚያዙት ዘረ-መሎቹ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የመዋኛው ሲበራ የመጣበቂያው ይጠፋል፣ የመጣበቂያው ሲበራ የመዋኛው። በትንንሽ ጉድጓዶች በተሞላ ላስቲክ ሰሐን ላይ አሳድጋው ሐምራዊ ቀለም ጨምራ አጠበችው። በአንዱ ረድፍ ቀለሙ ግድግዳው ላይ ቀረ። በሌላው ታጥቦ ሄደ። «ሁለቱም አንድ ባክቴሪያ ናቸው፤ በዚህኛው አንድ ዘረ-መል ብቻ ነው ያጠፋሁት» አለችኝ። በአንዲት ትእዛዝ መጉደል አንዱ ይቀራል፣ አንዱ ይታጠባል። ወረኢሉ ቁጭ ብዬ የማስበው ያንን ሐምራዊ ቀለም ነበር።

ከቀትር በኋላ ተነሥተን አመሻሽ ላይ አቀስታ ገባን። መንገዱ እውነትም ተዘግቶ ነበር፤ ነገ ይከፈታል ተባለ። የአቀስታ ብርድ አጥንት ይፈልጋል። የአልጋ ቤቱ ባለቤት አቶ ሙሄ በነጠላ ብቻ መሆኔን አይተው የራሳቸውን የሱፍ ባና አመጡልኝ፤ የከሰል ምድጃም አስገቡልኝ።

«ናዝሬት በጥር ሰው በሸሚዝ ይሄዳል አሉ። ሐቅ ነው?»

«ሐቅ ነው።»

«ሱብሃን አላህ። እና ከዚያ ወጥተው እዚህ መጡ?»

ባናውን ወደ ራሴ ሳብኩ። እሳቸውም ድንች በሚጥሚጣ አስቀርበው፣ ጾም መሆኑን ስላወቁ ዘይት ብቻ የነካው መሆኑን ምለው ነገሩኝ።

ሐሙስ

መንገዱ ረፋድ ላይ ተከፈተ። ማን እንደዘጋው ማን እንደከፈተው አልጠየቅኩም። ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም ያለው አገር ሜዳና ገደል ነው፤ የታጨደ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ደግሞ ገደል። አቧራው መስኮት ተዘግቶም ይገባል። ሣጥኑን በነጠላዬ ሸፍኜ እኔ አቧራ ጠጣሁ።

መካነ ሰላም ከልጅነቴ ወዲህ ሰፍታለች። ባጃጁና የሞባይል ሱቁ ናዝሬትን ያስመስላታል፤ አየሯ ግን አያስመስላትም። መጀመሪያ የሄድኩት ጁስ ቤት ነው። ለመልሱ ጉዞ ሣጥኑን የሚያቀዘቅዙትን ውሃ የያዙ ላስቲኮች የሚያረጋ ፍሪጅ ያለው እዚያ መሆኑን ሰው ነገረኝ። ባለቤቷ ልጅ እግር ሴት ናት፤ ተቀበለችኝ። «መብራት ካልሄደ ነገ ድንጋይ ሆነው ያገኟቸዋል» አለች። መብራት ካልሄደ የሚለው ቃል እስከ ቅዳሜ ድረስ አብሮኝ ዋለ አደረ።

የሺ በባጃጁ ማቆሚያ ጠበቀችኝ። ከስታለች። ሳመችኝና ቦርሳዬን ተቀበለችኝ፤ ሣጥኑን ልትቀበለኝ ስትል አልሰጠኋትም። አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። መንደሩ ስንደርስ ከየቤቱ የወይራ ጭስ ይወጣል። ከየሺ ቤት ብቻ አይደለም፤ ከታችም ከላይም።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጭስ?»

«ዕቃ እየታጠነ ነዋ» አለች የሺ። «እንግዳ ሊያየው አይደለም?»

ቆምኩ። ቅሏን እንዳትነካት፣ እንዳታጥባት በስልክ ነግሬአት ነበር።

«የሺ፣ ቅሏን አጠብሻት?»

«በግራዋ ቅጠል ፈትጌ፣ በፈላ ውሃ አለቅልቄ፣ ሁለቴ አጠንኳት።»

«አትንኪ ብዬሽ አልነበረም?»

«እትዬ» አለችኝ፣ እንደ ልጅ እያየችኝ፣ «ቆሻሻ ዕቃ ለሰው እንዴት ይላካል? አይተው ምን ይሉኛል? ሌሎቹስ ያጠቡ አይደል፣ እኔ ብቻ ሳላጥብ ልቅረብ?»

ስለ ተህዋስ የነገርኳት ሁሉ ገብቷታል። ግን ሳይታጠብ የተላከ ዕቃ ነውር መሆኑ ከዚያ ሁሉ በላይ ነው። አምስቱም ቤት እንደዚያው አስበዋል። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር የመጣሁበት ነገር በጭስ ሄደ ብዬ ቁጭ አልኩ። አልቆጣኋትም። ብቆጣ ማንን እንደምቆጣ ጠፍቶኝ ነበር።

ዓርብ

ስልክ የሚሠራው ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ጠዋት ከየሺ ጋር ወጣን። ንፋሱ ያንገዳግዳል። ሕይወት ስታነሣ ነገሩን በአጭሩ ነገርኳት። የሺ ፊቴን ታያለች።

«እማዬ፣ ሁሉም አጠቡ ነው የምትይኝ? ሁሉም አጠኑ?»

«ሁሉም።»

«ውሰጂው» አለች።

«ምኑን?»

«ታጥቦ የሚሄደውንማ መቼም ወስደውታል። እኔ የምፈልገው ታጥቦም ታጥኖም የቀረውን ነው። ስንጥቅ ካለ፣ ሻካራ ቦታ ካለ፣ እዚያ ላይ አጥብቀሽ ጥረጊ። ግን እማዬ፣ ካልተገኘ የለም ማለት አይደለም። ይህን ንገሪያቸው። ከሁሉም እኩል ጥረጊ፣ እሺ?»

እሺ አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ዘሃራ ግቢ ተሰበሰብን። ዘሃራና እኔ ልጅ ሆነን አብረን ኩበት ለቅመናል። ፊቷ አልተለወጠም፤ ምላሷም እንደዚያው።

«መጣሽ፣ የናዝሬቷ? እንዴት ነው አፊያሽ?»

«ደኅና ነኝ፣ ተመስገን። ሰዓዳስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ቆማ ትሄዳለች። ወተቷ ግን ደርቆ ቀረ። ሕፃኑ በጣሳ ወተት ነው።» ይህን የሺን ሳታያት ተናገረች። የሺ መሬት መሬት ታያለች።

ብልቃጦቹን አሳየኋቸው፤ ሕይወት ያለችውን ሁሉ ነገርኳቸው። ጭራ አውጥቶ ይዋኛል፣ ሲመቸው ይጣበቃል ስል አንዷ «የኔ ባል አይደል እንዴ!» አለችና ሳቁ። ዘሃራ አልሳቀችም።

«ልጅሽ የአክስቷን ቅል ታውቀዋለች?»

«ብልቃጡ ላይ ስም ይጻፋል።»

«አይጻፍም» አለች። «ስም ካየች፣ ሐቁን ብትናገር እንኳ ማን ያምናታል? የሺ ነጻ ናት ብትል አክስቷ ስለሆነች ነው እንላለን። አንቺም አታዪ። ወላሂ አላምንሽም፣ አብረን ብናድግም።»

ተቆጣሁ። ወዲያው ደግሞ ትክክል መሆኗ ገባኝ። ዘሃራ ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ ሕይወት ዓመታት የተማረችውን ነገር ግን ከደጃፏ ላይ ሆና አወጣችው። ያደረገችው እንዲህ ነው፦ እኔን ጀርባዬን አዙራ አስቀመጠችኝ። አምስቱን ቅሎች አዟዙራ አጎዛ ላይ ደረደረች፤ በአንድ ትልቅ ጋቢ ሸፈነቻቸው። ከስፌቷ ክር አምስት ቀለም አመጣች፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ጥቁር። እኔ በጋቢው ሥር እጄን አስገብቼ እጠርጋለሁ፤ እሷ ብልቃጡ ላይ ክር ታስራለች። የትኛው ክር የማን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

የመጀመሪያውን ጠረግኩ፤ ቀይ። ሁለተኛውን ጠረግኩ፤ ነጭ። ሦስተኛው ላይ እጄ ቆመ።

ስፌት ነበር። ቅሉ አንገት ላይ ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁ በጅማት ተሰፍቷል። የሰፋችው እናታችን ናት። ልጅ ሆኜ ስንጥ ያንን ስፌት በአውራ ጣቴ እየዳሰስኩ ነበር የምቆጥረው። ቅሏ ለየሺ ደርሳት ነበር።

ሕይወት ስንጥቅ ካለ እዚያ ላይ አጥብቀሽ ጥረጊ ብላለች። ጥጡን ለስላሳው ሆድ ላይ ብቻ አዙሬ ብመልሰው ማንም አያውቅም። ዘሃራ እንኳ ከጋቢው በላይ ናት። እህቴ ከኋላዬ ቆማ ስትተነፍስ ይሰማኛል። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ «ተጣበቀብሽ እንዴ?» አለች ዘሃራ። ዘንጉን ስፌቱ ላይ አጠበቅኩት። በውስጥ በኩል በጅማቱ መግቢያና መውጫ ሁሉ ሄድኩበት። አወጣሁት፤ አረንጓዴ ክር ታሰረበት።

የቀሩትን ሁለቱን እንዴት እንደጠረግኩ አላስታውስም። ሲያበቃ ዘሃራ «ለየሺ ቀድመሽ እንዳትነግሪ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ስልኬ ይሠራል፤ ውጤቱ ሲመጣ ለእኔ ደውዪ» አለችኝ። የሺም ሰማች። አልተቃወመችም።

ሌሊቱን ብልቃጦቹ ያሉበት ሣጥን በየሺ ቤት በራፍ፣ ውርጩ ላይ አደረ። ናዝሬት ቢሆን በአንድ ሰዓት ይሞቅ ነበር።

ቅዳሜ

የሺ ገና ሳይነጋ ተነሥታ ለመንገዴ ድንች ቀቀለችልኝ። ጨው በወረቀት ቋጠረችልኝ። ስትሸኘኝ «ምን ይመስልሻል እትዬ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

መካነ ሰላም ጁስ ቤቱ ስደርስ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ እንዳደረ ሰማሁ። ላስቲኮቹ ግማሽ ረግተዋል፣ ግማሽ ውሃ ናቸው። ልጅቱ ጥፋቱ የእሷ ይመስል አንገቷን ደፋች። ከፍሪጇ ግርጌ የቀረውን በረዶ በቢላ ፈልፍላ በላስቲክ ቋጥራ ጨመረችልኝ። ሰው እየጠበቃት ነበር፤ እኔን አስቀደመች።

በመልሱ በደሴ በኩል መጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ቄስ ሣጥኑን አይተው መድኃኒት ነው አሉኝ፤ ይሁን ብዬ ተውኩት። ሰው በወረደ፣ በተሳፈረ ቁጥር ክዳኑን ከፍቼ በረዶውን በጣቴ እነካለሁ። አምስቱን ክሮችም አያለሁ። ከላይ የተቀመጠው አረንጓዴው ነበር። ክዳኑ በሁለት ጣት ይከፈታል። ኬላ ላይ ከፈቱት ብል ማን ይጠይቀኛል? ስሄድ ሁለቱን ከፍተውብኝ የለ? ይህን ማሰቤን እጽፈዋለሁ፤ አስቤዋለሁና። አልከፈትኩትም። የመልሱን ኬላ ስናልፍ ማንም ሣጥኑን አላየውም።

ደሴ አመሻሽ ላይ ደረስኩ። የሆቴሉ እመቤት ሣጥኑን ወጥ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ላስገባልዎ ስትለኝ የሰው ምግብ ካለበት እንደማይሆን ነገርኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ትልቅ ሳፋ በቀዝቃዛ ውሃ ሞልታ ክፍሌ ድረስ ይዛልኝ መጣች፤ ሣጥኑን እዚያ ውስጥ አስቀመጥነው።

እሑድ

አዲስ አበባ ስንደርስ ሕይወት ቆማ ትጠብቀኛለች። ሣጥኑን ነው ቀድማ የተቀበለችኝ። ከፍታ ክሮቹን አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ነገርኳት። ቆማ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቆመች። «እማዬ፣ ይህን ያሰበችው ሴትዮ ማን ናት?» አለችኝ። ስለ ስፌቱ ግን አልነገርኳትም።

ከተመለስኩ በኋላ

ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ናዝሬት ሞቃለች፤ ጎረቤቶቼ አየሩ እንዴት ነበር ይሉኛል፣ ብርድ ነበር እላለሁ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሥራዬን ትቼ እሮጣለሁ።

ሕይወት የነገረችኝ ዓርብ ማታ፣ ራት ላይ ነው። በሦስቱ ብልቃጦች ውስጥ ወተትን የሚያረጉት፣ የማይጎዱት ዓይነቶች ብቻ ተገኙ። በሁለቱ ግን የሚያሳምመው አለ። ሁለቱን አነጻጽራ ዘረ-መላቸውን አንብባዋለች፤ የአንድ እናት ልጆች ያህል ይመሳሰላሉ። የመጣበቂያዎቹ ዘረ-መሎች ሁሉም ሙሉ ናቸው። ሐምራዊው ቀለም አልታጠብ ብሏታል።

«በወተቱ እየዋኘ ከቤት ቤት ሄዷል» አለች። «ቅል ውስጥ ሲገባ ጭራውን ትቶ ተጣበቀ። ልጋጉን አንዴ ከሠራ ግራዋውም ወይራውም የሚነካው ከላይ ከላይ ነው። ጭስ ባይኖር ይብስ ነበር፤ ግን አልበቃም። ማን ቤት እንደጀመረ ማወቅ አልችልም። አራሷን ያሳመማት ይኸው ነው ብዬም አልምልም፤ ያኔ ከእሷ የተወሰደ ነገር የለም። ታጥኖም የሚቀር መሆኑን ግን አይተነዋል፤ ስለዚህ ስላላጠነች ነው አይባልም፤ ይህን እምላለሁ።»

«የትኞቹ ናቸው?»

«አረንጓዴና ነጭ።»

ሹካዬን አስቀመጥኩ። አረንጓዴው እጄ ያገኘው ነው። አጥብቄ ባልጠርግ ኖሮ ነጩ ብቻ ነበር የሚገኘው።

በማግሥቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ለዘሃራ ደወልኩ። ገበያ ውስጥ ናት፤ ሰው ይጮኻል፣ አህያ ይጮኻል። ሰላምታው ረዘመ፤ እኔ ነኝ ያስረዘምኩት። የሕይወትን ነገር ሁሉ ነገርኳትና በመጨረሻ «አረንጓዴና ነጭ» አልኩ።

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ዘሃራ?»

«አለሁ። አረንጓዴው የየሺ ነው።»

«አውቃለሁ።» ሳላስበው አመለጠኝ።

«ከየት አወቅሽ?»

«ስፌቱ የእናቴ ነው። በጋቢው ሥር እጄ አወቀው።»

«እያወቅሽ ጠረግሽው?»

«ጠረግኩት። ስፌቱን።»

አህያው እንደገና ጮኸ። ነጩ የማን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ሕይወትም አታውቅም። ካልነገረችኝ በዓለም ላይ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔም አልጠየቅኳትም፤ መጠየቅ ፈራሁ።

«ነጩ የኔ ነው» አለች። «ሰዓዳ ከየሺ እርጎ በፊት የኔን ስትጠጣ ነው የከረመችው። ያ ረቢ።» ወዲያው ደግሞ ጠየቀችኝ፤ «ልጅሽ ምን አድርጉ አለች?»

«በቅል ይቅር አለች። ወተቱ ብረት ዕቃ ውስጥ ይግባ፣ ሳይረጋ ይፍላ፣ ዕቃውም በፈላ ውሃ ይታጠብ።»

«የፈላ ወተት ቅቤው እንደ ድሮው አይሆንም።»

«አይሆንም ብላለች።»

«ሐቅ ትናገራለች ማለት ነው» አለች ዘሃራ። «ለሴቶቹ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። አንቺ አትደውዪላቸው፤ አፍ አለኝ። ለየሺም እኔ ነኝ የምነግራት።» ስልኩን ዘጋችው። ደኅና ሁኚም አላለችኝም።

ከዚያ በኋላ ሰባት ቀን ከየሺ ምንም አልሰማሁም። ዘሃራ ትናገር አትናገር፣ ሰው ይስማት አይስማት የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ልብስ እያሰጣሁ ስልኩ ጮኸ። የሺ ናት፤ ከጉብታው ላይ ንፋሱ ያፏጫል።

«እትዬ፣ ትናንት ከአራቱም ቤት ወተት መጣልኝ።»

ልብሱን ትቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«በምን ተቀበልሽው?»

«በድስት» አለች። «ዘሃራ የራሷን ትልቅ ድስት ይዛ መጣች፣ ያንቺ ትንሽ ናት ብላ። እስኪፈላ ድረስ አጠገቤ ቁጭ ብላ ማገዶ ስትገፋ ዋለች።»

«ምን አለችሽ?»

«ምንም። ሊገነፍል ሲል 'አውርጂው' አለችኝ።»